የማትዋሰው ሰንጢ

ገዳሪፍ ገበያ ዳር፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ግድግዳ ሥር ጆንያ ዘርግቼ ርካሽ ሰንጢ እሸጥ ነበር። ታጥፎ ኪስ የሚገባው ዓይነት፣ እጀታው ቀይ ወይም አረንጓዴ ፕላስቲክ የሆነው። ገዢዎቼ ለአጨዳ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ናቸው። ሸንኮራ ይልጡበታል፣ የነዶ ማሰሪያ ይቆርጡበታል፣ ከእግራቸው እሾህ ያወጡበታል፣ ሽንኩርት ይከትፉበታል። እኔም አገሬን ለቅቄ ከመጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ መኖሪያዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የስደተኛ ሰፈር ነው። ቀኑን ሙሉ ጆንያዬ ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ አያለሁ።

አብዛኛው ሰው የሚያብለጨልጨውን ያነሣል። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርግና «ይቆርጣል?» ይለኛል። «ካላመንክ በእኔ አንገት ሞክረው» እለዋለሁ፤ ይስቅና ይገዛል። በሳምንቱ ማጠፊያው ላልቶ ይመልስልኛል። አልቀበለውም። በዚህ የተነሣ ሰዎች ብዙም አይወዱኝም፤ እኔም ስለነሱ እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።

አንድ ለሰፈራችን አዲስ የሆነ እንግዳ ግን እንዲህ አልገዛም። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም መባቻ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ጥቁሩ ጭቃ ገና ሳይደርቅ መጣና ጆንያዬ ፊት ቁጢጥ አለ። ዋጋ አልጠየቀም። አንዱን ሰንጢ ከፈተ፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ አጠፈው፣ ድምፁን ሰምቶ አስቀመጠው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛውን ከፍቶ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አነጣጥሮ አየ፤ ጫፉን በሁለት ጥፍሩ ይዞ ግራና ቀኝ ነቀነቀው። አጥፎ ደግሞ ስለቱ እጀታው መሐል ለመሐል መተኛቱን ተመለከተ። ስለቱን የሞከረው በጣቱ ሥጋ አይደለም፤ ጥፍሩ ላይ ቀስ አድርጎ አሳረፈውና ይንሸራተት ወይም ይያዝ እንደሆነ አየ። የሚያብለጨልጩትን ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ጎን ገፋቸው።

በመጨረሻ ከጆንያው ጥግ አንዲት የእንጨት እጀታ ያላት፣ ጥቁር፣ አስቀያሚ ሰንጢ አወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላያትም።

«እሷ እንኳ ማጠፊያዋ ላልቷል» አልኩት። አዝኜለት አልነበረም፤ የተሻለ የሚያወጣልኝን እንዲወስድ ብዬ ነው።

«ማጠፊያ ይጠብቃል» አለኝ። «ብረቷ ደህና ነው።»

ሰንጢዋን አንሥቼ ዘረጋሁለት። እጁን አልዘረጋም። «አስቀምጥልኝ» አለ። ይህ አላስገረመኝም፤ እኛም አገር ሰንጢ እጅ በእጅ አይሰጥም፣ ጠብ ያመጣል ይባላል። አንዱ መሬት ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሣል። ግን ገንዘቡንም ጆንያው ላይ አስቀመጠው እንጂ እጄ ላይ አላኖረውም። ይህን አስተዋልኩ።

«አገርህ የት ነው?»

«ወገራ።»

«ሥራህስ?»

«ገበሬ ነኝ፣ አያ።»

የገበሬ እጅ አውቃለሁ፤ እኔም ደምቢያ ላይ አርሼ በልቻለሁ። ገበሬ የሚጠነክረው መዳፉ ነው። የዚህ ሰው ክንድ ግን ከእጅ አንጓው እስከ ክርኑ ጥቃቅን የቃጠሎ ጠባሳ ሞልቶበታል። ተነሥቶ ሲሄድ ከኋላው እያየሁ፣ ይህ ሰው ዋሽቶኛል አልኩ። ስለት እንደዚህ የሚያውቅ ሰው ወይ ወታደር ነው ወይ ሰው ሲመረምር የኖረ ነው። ያን ጊዜ ደርግ ስደተኛ መሀል ሰው እያስገባ ነው እየተባለ በየጎጆው ይወራ ነበር።

እኔ ደግሞ ከሰላይ ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ታናሽ ወንድሜን ገሠሠን ያስበላው በገዛ ማዕዳችን ላይ አብሮን የበላ ሰው ነው። ቤት ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ነው ብዬ፣ ገሠሠ የተደበቀበትን የነገርኩትም እኔ ነኝ። ይህን ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ ለአንድ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ወንድሜ ሞቷል እላለሁ፣ እዚያው ላይ አቆማለሁ። ባለቤቴ በለጡ እንኳ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ስለተጋባን፣ ከዚህ የበለጠ አታውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ የሰፈራችን ተጠሪ አየነው ጆንያዬ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። አየነው አገር ቤት ሳለ ጫካ የገባ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰው ግን ይፈራዋል።

«ሰላይ ገብቶብናል» አለኝ። «ባለፈው ወር ድንበር ላይ ሁለት ሰዎቻችን ተይዘዋል። መንገዳቸውን የሚያውቅ እኛው ውስጥ ያለ ነው። አንተ ሰው ታያለህ። ማን ደስ አላለህም?»

የእንግዳው ነገር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ራሴ እጅ ከፍንጅ ልይዘው ፈለግኩ። ለገሠሠ ያላደረግኩትን እዚህ ላደርግ አሰብኩ። በዚያ ዘመን ሰላይ የተባለ ሰው ወደ ድንበር ይወሰዳል፤ ተመልሶ የመጣ የለም። ይህን እያወቅኩ ነው ደስ ያለኝ።

ለመስቀል ሠላሳ ሰው ሆነን አንድ ያረጀ በሬ በቅርጫ ገዛን። ቢላዋ ስላነሰ ሁሉም ከእኔ የገዛውን ሰንጢ ይዞ መጣ። የዚያን ቀን ውርደት አልረሳውም። ቆዳው ሲገፈፍ የመጀመሪያው ሰንጢ ተጣመመ። ሁለተኛው ከማጠፊያው ተነቀለ። ሦስተኛው ታምሬ በሚባል አጫጅ እጅ ላይ ተከደነና ሌባ ጣቱን እስከ አጥንቱ ቆረጠው።

«የጋረደው ሰንጢ ሥጋ ሲያይ ይሰግዳል!» አለ አንዱ ስሜን ጠርቶ። ሠላሳው ሰው ሳቀ። ታምሬ ጣቱን በነጠላው ጠቅልሎ እያቃሰተ እንኳ ሳቀ። እኔ ግን አፍሬ የተሰበሩትን ሰብስቤ ቆሻሻ መጣያው ላይ ወረወርኳቸው።

በዚያው ቅጽበት እንግዳው በአጠገባችን ያልፍ ነበር። አየነው ጠራው። «አንተ ወንድም፣ ያቺን ሰንጢህን እስቲ አውሰን።»

«ሰንጢዬን አላውስም» አለ እንግዳው።

«እሺ፣ ራስህ መጥተህ ቁረጥበት። ከሥጋውም ቅመስ።»

«ጾም ላይ ነኝ።»

ቀኑ ሐሙስ ነው፣ በዓሉ መስቀል ነው። ከካህን እስከ ሕፃን የሚጾም ሰው የለም። እንግዳው አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ቀጠለ፣ አየነውም ወደ እኔ ዞረ።

«ያ ሰው ካንተ ገዝቷል። ምንድን ነው?»

«እስከ እሑድ ስጠኝ» አልኩት።

«እሑድ መልስ እፈልጋለሁ። ካጣሁ ራሴ አወጣዋለሁ።»

ቅዳሜ ገበያ አልወጣሁም። ከጎጆው ማዶ፣ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስጠብቀው ዋልኩ። ሁሉም ሰው ለእንጀራው በሚሯሯጥበት ቀን ይህ ሰው ያጠበውን ልብስ ለብሶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። እሳት አላነደደም፣ ውሃ አልቀዳም፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከጎጆው ራቅ ብላ ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረላት ትንሽ ጎጆ ነበረች፤ ውስጧ ሚስቱ ሣህሊቱ ብቻዋን ተቀምጣለች። ምግቧን ድንጋዩ ጋ አስቀምጠውላት ይመለሳሉ፤ ማንም አይጠጋት። ሚስቱን እንኳ የሚያስር ሰው ነው አልኩ በልቤ። ዛሬ ሳስበው በራሴ እስቃለሁ። የደምቢያ ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ እያየሁ እንዴት ሳላውቀው ቀረሁ? ሰላይ ስለፈለግኩ የሚታየኝ ሰላይ ብቻ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰው ለጸሎት ሲሰበሰብ እኔ በእንግዳው ጎጆ ጀርባ ዞርኩ። ብረት በብረት ላይ ቀስ ብሎ ሲመታ ይሰማኛል። አገኘሁህ አልኩ።

መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከሰል አንድዷል። ከፍየል ቆዳ የሰፋት ትንሽ ወናፍ አጠገቡ አለች። ጨርቅ ላይ ደግሞ የእኔ ሰንጢዎች ተደርድረዋል፤ ቆሻሻ ላይ የጣልኳቸው ራሳቸው። የአንዱን የላላ ማጠፊያ ነቅሎ በምስማር ቁራጭ ተክቶ፣ ጫፉን በትንሽ በትንሹ እየቀጠቀጠ ያሰፋዋል። የተጣመመውን ስለት አግሎ አቃናው፤ ደግሞ አግሎ የሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነከረው። ጭሱ ፊቱን ሸፈነው። ያቺ ጥቁር ሰንጢ ጭኑ ላይ ነበረች፤ ማጠፊያዋ ጠብቆ፣ ስለቷ ተስሎ።

ክንዱ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ከየት እንደመጡ ያን ጊዜ ገባኝ። ብረት ቀጥቃጭ ነው። የቅዳሜው ነገር፣ የሥጋው ነገር፣ ሴቲቱ በወር አበባዋ ተለይታ የተቀመጠችባት ጎጆ፣ ሌላ ሰው ላለመንካት ገንዘብ እጅ ላይ አለማኖሩ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። እኛ ፈላሻ የምንላቸው፣ እነሱ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል የሚሉት ናቸው። እውነቱን ልናገር፤ ሰላይ ሲመስለኝ ከፈራሁት የበለጠ ፈራሁት። ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ጅብ ሆኖ ያድራል እየተባልኩ ነው ያደግኩት። ሳላስበው ዓይኔን ከዓይኑ አሸሸሁ።

«አየኸኝ፣ አያ ጋረደው» አለ።

«ሰንጢዎቼን ምን እያደረግካቸው ነው?» አልኩት። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣልኝም።

«የዚያን ሰው ጣት ሳይ አላስቻለኝም። ሰው ሳያየኝ ጠጋግኜ ጆንያህ ላይ ልተዋቸው ነበር።»

«ገበሬ ነኝ አላልከኝም?»

«እውነቱን ብነግርህ ትሸጥልኝ ነበር?»

አልሸጥለትም ነበር።

«ሰንጢዬን ያላዋስኩት ንቄያችሁ አይደለም» አለ። «እናንተ ባረዳችሁት ሥጋ ውስጥ ከገባች እኛ ልንበላባት አንችልም። ሌላ የለንም።»

«አየነው ዛሬ መልስ ይጠብቃል። ሰላይ ነው ብሎሃል።»

መቀጥቀጡን ተወ። «ከወገራ ስንነሣ አሥራ አራት ነፍስ ነበርን። አምስቱን መንገድ ላይ፣ ሁለቱን እዚህ ቀበርን። የምንሄድበት አለን፤ ቀኑን እንጠብቃለን። ሌሎች ዘመዶቻችንም በየጎጆው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከዚያ በፊት ሰው ካወቀን…» ብሎ አቆመ። አልለመነኝም። ቢለምነኝ ይቀለኝ ነበር።

ወደ አየነው ደጅ እየሄድኩ የምለውን አወጣሁ አወረድኩ። ሰላይ አይደለም ብለው በምን አወቅህ ይለኛል። ጠይብ ነው ብለውስ? በዚያ ክረምት መጨረሻ የሚያተኩሰው ሰው የሌለበት ጎጆ አልነበረም፤ ለእያንዳንዱ ታማሚ ተጠያቂው እንግዳው ይሆናል፣ እስከ ማታም ጎጆው ይቃጠላል። ዝም ብል ደግሞ አየነው ወደ ድንበር ይወስደዋል። ከሰው ጋር የማይበላበት፣ ሥጋ የማይቆርጥበት፣ ሰንጢውን ከእጁ የማይለይበት አንድ ምክንያት መስጠት አለብኝ። የጎንደር ሰው ሰምቶ ሁለተኛ የማይጠይቅበት ምክንያት።

አየነው ሦስት አራት ሰዎች ይዞ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«እህስ?» አለኝ።

«ደም አለብን» አልኩት።

«ምን?»

«የወንድሜ የገሠሠ ደም እነሱ ጋ ነው። ወንድሜን የገደለው የእንግዳው የአጎት ልጅ ነው። ከእኛ ጋር የማይበላው፣ ሰንጢውን የማያውሰው እኔን ፈርቶ ነው። የጾምም ነገር አይደለም።»

የሰዎቹ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የወንድሜን ስም በውሸት ስጠራ አፌ መረረኝ። እውነተኛው ገዳይ ጎንደር ከተማ ውስጥ ደመወዝ እየበላ፣ እኔ ደሙን ባንድ ምስኪን ሰው ላይ ጣልኩት።

«አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበር!» አለ አየነው፣ ቁጣው ሁሉ ጠፍቶ። «እንግዲህ ያንተ ነው። ሌላ ሰው እጁን አያስገባም።» ወደ ሰዎቹ ዞሮ ደገመው። «ማንም እንዳይነካው። የጋረደው ነው።»

የፈለግኩትም ይህንኑ ነበር። ዞሬ ሄድኩና ለእንግዳው ከሩቅ ሆኜ «ከዛሬ ጀምሮ ደመኛዬ ነህ። ስታየኝ መንገድ ቀይር» አልኩት። እሱም የጎንደር ሰው ነው፤ ገባው።

ሁለት ወር እንዲህ ኖርን። እሱ እኔን ሲያይ ይታጠፋል፣ እኔ እሱን ሳይ ጥርሴን እነክሳለሁ። በእሱ ላይ እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም። የሰፈሩ ዓይን ግን እኔ ላይ ዞረ። ሰንጢ ሊገዛ የመጣው ሁሉ መርጦ ሲያበቃ አንድ ነገር ጣል ያደርግብኛል። «ከነዚህ አንዷን ለራስህ ብታስቀር ምናለ?» ይለኛል አንዱ። «እሱ ሊሸጥ እንጂ ሊይዝ አይችልም» ይላል ሌላው። አየነው ሰላምታዬን እስከ መተው ደረሰ።

ከሁሉም የከፋው ቤቴ ነው። «ወንድሜ እያልክ በእንቅልፍህ ስታለቅስ እሰማሃለሁ» አለችኝ በለጡ። «ደመኛህ ግን ከደጃችን መቶ እርምጃ ላይ ይኖራል። ምን ዓይነት ወንድ ነው ያገባሁት?» እውነቱን ልነግራት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በለጡን አምናታለሁ፤ የውሃ ወረፋውን ግን አላምነውም። እዚያ የተነገረ ነገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩን ይዞራል።

ኅዳር ገብቶ፣ አንድ ቀን በቀትር ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ እንግዳው መንገድ ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ያቺን ጥቁር ሰንጢ አጥፎ ከኪሱ አወጣ። እንዲያስቀምጥልኝ ጆንያውን አመለከትኩት። አላስቀመጠም። እጄን ያዘ፣ መዳፌን ዘረጋ፣ ሰንጢዋን አኖረባትና ጣቶቼን በላይዋ አጠፋቸው። እጁ ሻካራና ሞቃት ነበር።

«ገሠሠን አላውቀውም» አለኝ። «በደረስንበት ሁሉ ግን ስሙን ከሙታኖቻችን ጋር እንጠራዋለን።»

ከዚያ ሄደ። ልጅ ሆኜ የተማርኩት ሁሉ ተነሥተህ ታጠብ አለኝ። አልታጠብኩም። አለቀስኩ፤ ገዢ መጥቶ አገኘኝና አቧራ ነው አልኩት።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎጆው ባዶ ሆኖ ተገኘ። አመለጠው ተባለ። አንዳንዱ፣ ከደመኛው ጉቦ በልቷል ብሎ አስወራብኝ።

በዚያ ሳምንት በለጡ ሽንኩርት ስትከትፍ ቀዩ ሰንጢዋ ተሰበረና ወደ እኔ ወረወረችው። ጥቁሯን አውጥቼ ሰሌኑ ላይ አስቀመጥኩላት። አንሥታ ሁለት ሽንኩርት እንደ ወረቀት ስስ አድርጋ ቆረጠች።

«ይቺስ ትቆርጣለች» አለች። «ካንተ ጆንያ አይደለችም መቼም።»

«የእንግዳው ናት።»

እጇ ቆመ። «ጥሏት ሄደ?»

«ሰጠኝ።»

«መሬት አስቀምጦልህ?»

«እጄ ላይ። እጅ በእጅ።»

በለጡ ሰንጢዋን አየች፣ እኔን አየች። ወንድማማች እንኳ እንዲህ አይሰጣጥም፤ ደመኛማ የተከፈተ እጁን ይዞ ወደ ደመኛው አይቀርብም። «ጋረደው፣ ታዲያ የገሠሠ ደም…» ብላ ጀመረችና ራሷ አቋረጠችው። ተነሥታ ደጁን ወጣ ብላ ቃኘች፣ መጋረጃውን ጆንያ አወረደች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሽንኩርቱን ከትፋ ጨረሰች።

በማግስቱ ጆንያዬን ተሸክሜ በውሃው ወረፋ አጠገብ ሳልፍ ሴቶቹ ስሜን አንሥተው ይሳሳቃሉ። በለጡ መሀላቸው ቆማለች። የሣህሊቱ ሁለት እህቶች፣ ገና የመሄጃ ተራቸው ያልደረሰ፣ አንገታቸውን ደፍተው ከኋላዋ ተሰልፈዋል። በለጡ አየችኝ፣ ሁለቱን እህቶችም ዞር ብላ አየች፣ እንስራዋን ከትከሻዋ አወረደችና ከሁሉም ጮክ ብላ «እውነታችሁን ነው! ባሌ ፈሪ ነው!» አለች።